ፈረንሳዊው ባሌ

የወደቅሁት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ወደቅሁ የሚለውን ቃል ራሱ የተቀበልኩት ዘግይቼ ነው፤ በመጀመሪያው ሰሞን ለጠየቀኝ ሁሉ «ወለሉ ድንገት ተነሳብኝ» እል ነበር። የሮም ቤቶች አሮጌ ናቸው፤ ቧንቧቸው ያለቅሳል፣ መስኮታቸው ያስነጥሳል፣ ወለላቸው ቢነሳ ማን ይጠረጥረኛል ብዬ ነው። ልጄ ግን ጠረጠረችኝ። ሥራዋ ሽማግሌ መጠበቅ ነው። እዚያ በሀብታሞቹ ሰፈር አንዲት አቅም ያነሳቸው ሴትዮ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፤ ጣልያኖቹ «ባዳንቴ» ይሏታል። ስለዚህ ወለል እንደማይነሳ ከማንም በላይ ታውቃለች። ክርኔ ላይ ያለውን ሰንበር አገላብጣ አየችና፣

«አባዬ፣ ወለሉ ከዚህ በፊትም ተነስቶብዎ ያውቃል?» አለችኝ።

እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ። እጅጌ መሳቤ ለእሷ ሙሉ የሐኪም ማስረጃ ነው።

«ሁለተኛ ከወደቁ እኛ ጋ ነው የሚገቡት። ቫ ቤኔ?»

«ቫ ቤኔ» አልኩ። ጣልያንኛ የሚመቸኝ ለዚህ ነው፤ በአማርኛ «እሺ» ካልኩ ቃሌ ነው፣ «ቫ ቤኔ» ካልኩ ግን ገና ያስኬደናል።

የእሷ ቤት ፒኜቶ ነው። ጥሩ ባል፣ ሁለት ጎረምሶች፣ ከሥር ደግሞ መተኛት የማያውቅ ባር አላት። ለእኔ የታሰበልኝ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሶፋ ነው። ሶፋው አልከፋኝም፤ ይመቻል። ግን የገባው «ደህና አደሩ»፣ የወጣው «ደህና ዋሉ» እያለኝ የሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ መተኛት ማለት ለእኔ ተመልሶ ሥራ መግባት ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በፖርቲዬሬነት ነው፤ የአንድ ትልቅ ሕንጻ በር ላይ ቆሜ ለገባው ለወጣው «ቦንጆርኖ» ስል ኖሬ፣ ጸጉሬ ሲያልቅ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁበት ሙያ ላይ በፒጃማ ልመለስ አልፈለግሁም።

የእኔ ቤት ቶር ፒኛታራ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ኩሽና፣ አንድ እኔ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ድምፅ የሚያሰማው ፍሪጁ ብቻ ነው፤ ከእሱም ጋር ቢሆን ተግባብተናል። ይህን ቤት መልቀቅ አልፈለግሁም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምተርክላችሁ መዋረድ ሁሉ የመጣው ከዚህች ፍላጎት ነው።

ሐኪሙ እግሬን አይቶ «አጥንትዎ ደህና ነው፤ የተበላሸው ሚዛንዎ ነው» አለኝ። ሚዛኔ መበላሸቱን ባለቤቴ ከሐኪሙ በፊት ብዙ ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ጭንቅላቴ ነበር የምታወራው። እንቅስቃሴ ታዘዘልኝና ሰፈራችን ወዳለው የአረጋውያን ማዕከል ሄድኩ። እዚያ የጂምናስቲኩ ክፍል ሞልቷል። መዝጋቢዋ ኮምፒውተሯን ወደ ላይ ወደ ታች አለችና፣ «ቦታ ያለው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው፤ የድሮ የፈረንሳይ ዳንስ» አለችኝ።

«ለሚዛን ይሆናል?»

«ወንድ የላቸውም። እርስዎ ለማንኛውም ይሆናሉ።»

በሰባዎቹ ዕድሜ እንዲህ ያለ ግብዣ በየቀኑ አይመጣም። ገባሁ።

አስተማሪያችን በወጣትነቷ ትልልቅ መድረክ ላይ የኖረች፣ ዛሬም ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋ መደገፊያውን የማይነካ ሴት ናት። ሁሉም «ማኤስትራ» ነው የሚላት። ተማሪዎቹ የጣልያን አሮጊቶች ናቸው፤ ሽቶ የተቀቡ፣ ጥፍራቸውን የተቀቡ፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ለነገሩ የተዘጋጁ። እኔ የለበስኩት በፖርቲዬሬነቴ ጊዜ የተሰጠኝን ሰማያዊ ሱሪ ነው። ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ሊያልቅ አልቻለም።

ማኤስትራዋ ከሁሉ አስቀድማ ያስጠነቀቀችን ስለ አጠራር ነው።

«ዳንሱን እንደ ጣልያን ባሌቶ አትበሉኝ» አለች። «እኛ የምንማረው ገና ሲወለድ የነበረውን ነው። ንጉሡ ቤት፣ ፈረንሳይ። ስለዚህ እንደ ፈረንሳዮቹ በሉ። ባሌ።»

አንዷ ተማሪ ተቆጣች። «ከእኛ ከጣልያኖች የሄደ አይደለም እንዴ?»

«ከእኛ ነው የሄደው። እዚያ ተዳረ፣ እዚያ ከበረ፣ አልተመለሰም። ባሌ በሉ።»

አሮጊቶቹ በአንድ ድምፅ «ባሌ» አሉ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ክር የለውም።

«ሲኞሬ፣ እርስዎም ይበሉ» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የልጅ አባት፣ የልጅ ልጅ አያት፣ ሚስት ያገባሁ ሚስት የቀበርኩ ሰው፣ በሰው አገር፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ባሌ» አልኩ።

«ከሁሉም የእርስዎ ይበልጣል» አለች ማኤስትራዋ። እንዴት አይበልጥ፤ እናቴ አባቴን ለጎረቤት ስታማ የሰማሁት ቃል ነው።

ቪያ ቮልቱርኖ ላይ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ እኩዮች አሉኝ። ለእነሱ አልተናገርኩም። ለልጄም «እንቅስቃሴ ጀምሬያለሁ» ብቻ ነው ያልኳት። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሆነ ለሴት ልጅ ለመንገር ድፍረቱ አልነበረኝም። ይህችን «እንቅስቃሴ» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ የመጣው ከእሷ ነው።

ትምህርቱ ቀላል አይደለም። የሚታየው እንደ መራመድ ነው፤ ሁለት እርምጃ፣ ብድግ፣ ቆም፣ ዘወር። ግን አንድ እግር ላይ ቆም የምትል አንዲት ቦታ አለች፤ የእኔን ግራ እግር የምታውቀው ይመስል እዚያው ላይ ነው የምትመጣው። ከዚህ ሌላ ጠላቴ ትከሻዬ ነበር። ሙዚቃ ሲነሳ እግሬ ዝም ብሎ ትከሻዬ ይጀምራል። ማኤስትራዋ ከኋላዬ መጥታ ሁለቱን ትከሻዎቼን በመዳፏ ትጫናቸዋለች፤ አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጣታል። «እነዚህ የማን ናቸው?» አለችኝ አንድ ቀን። «የጎጃም ናቸው፤ ለጊዜው ነው ያሉት» አልኳት። እግዜር ሲያከፋፍል ለእኛ ትከሻ፣ ለፈረንሳዮች እግር ሰጥቶ፣ ከዚያ በእኔ ለማሾፍ ፈልጎ ቶር ፒኛታራ ላይ አቀላቀለን።

ማኤስትራዋ አንድ ልማድ አላት። ከመጀመራችን በፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ዓይናችንን ታስጨፍነናለች።

«አሁን መብራት የለም» ትላለች ቀስ ብላ። «ባቡር የለም፣ ስልክ የለም፣ የጡረታ ቢሮ የለም። ያለው ሻማ ብቻ ነው። የንጉሡ አዳራሽ በር ላይ ደርሳችኋል። ግቡ።»

ሌሎቹ ገብተው ምን እንዳዩ አላውቅም። እኔ በአንደኛው ማክሰኞ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

በሩ ላይ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል። የሙያ ባልደረቦቼ ናቸውና ከእግር እስከ ራስ አየኋቸው። አንደኛው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ያዛጋል፤ በእኔ ጊዜ ያስባርር ነበር። እኔም በሮም ደንብ፣ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚባለው፣ «ፔርሜሶ?» አልኩ።

«አምጣው» አለኝ ያዛጋው።

ይቅርታ ጠይቆ መግባቱም፣ የመኖሪያ ወረቀቱም አንድ ቃል መሆናቸው እዚያ ድረስ ተከትሎኛል። ምን አደርጋለሁ፣ ፔርሜሶዬን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ሻማው አስጠግቶ አገላበጠው።

«ይህ ገና ሦስት መቶ ምናምን ዓመት ይቀረዋል» አለኝ።

«እና አላለፈበትም ማለት ነው።»

ትንሽ አሰበና አሳለፈኝ። እኔ ጣልያን አገር ስኖር ፔርሜሶዬ ቀኑ ሳያልፍበት ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ሽቶ፣ ላብ፣ የቀለጠ ሰም። ሰሙ ከላይ ከመቅረዙ በትልልቁ ሰው ሠራሽ ጸጉር ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ማንም ቀና አይልም። ቀጥሎ የገረመኝ ወንዱ ነው። እኔ እንዲህ ያለው ዳንስ ሲነሳ በዓይኔ የሚመጣው በጣቷ ጫፍ የቆመች፣ ነፋስ የሚወስዳት ልጅ ነበረች። እዚያ ግን በጣቱ የቆመ የለም፤ ነፋስ የሚወስደውም የለም። ቦርጫቸው ከእነሱ ቀድሞ የሚደርስ መኳንንት ናቸው ተረከዙ ከፍ ባለ ጫማ እየተንቀባረሩ የሚራመዱት። የሴቶቹን ቦታ ሳይቀር ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ይዘውታል። ሥራው በአብዛኛው መራመድ፣ መዞር፣ ቆሞ መታየትና እጅ መንሳት ነው። ይህ ሙያ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነበር። በር ላይ ቆሜ በመታየትና ጎንበስ በማለት ነው የኖርኩት። የተሳሳትኩት የተወለድኩበትን ዘመን ብቻ ነው።

መዳፍ የምታክል ቫዮሊን የያዘ ቀጭን ሰው ወደ እኔ መጣ፤ የንጉሡ የዳንስ አስተማሪ ነው።

«ከየት መጡ ጌታዬ?» አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ። ጭንቅላቴ ውስጥ ማንም ቢሆን አማርኛ ነው የሚናገረው፤ ፈረንሳዮቹም አላመለጡም።

«ከቶር ፒኛታራ።»

«የማን ግዛት ነው?»

«ጣልያኑም አለ፣ ባንግላዴሹም አለ፣ እኛም አለን። እየተነጋገርንበት ነው።»

«እግርዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ።»

«ለምን?»

«ንጉሡ ባትዎን እንዲያዩት። ጨዋ ሰው በባቱ ነው የሚታወቀው።»

ሰማያዊ ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ አሳየሁት። ዝቅ ብሎ አየ። በአንድ በኩል አየ፣ በሌላ በኩል አየ። ከዚያ በትሕትና «ይመልሱት» አለኝ።

በዚህ መሐል ሁሉም ለጥ አለ፤ ንጉሡ ወጡ። ገና ወጣት ናቸው፤ ከራሳቸው እስከ ጫማቸው ወርቅ ለብሰው፣ ከጭንቅላታቸው ዙሪያ የወርቅ ጨረር ተተክሎ፣ ፀሐይ ነኝ ብለው ነው የወጡት። እኔም ከተማረው እግሬ ይልቅ ያልተማረ ወገቤን አምኜ እንደ አገሬ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። መነሳቱ ትንሽ ቆየ፤ አክብሮት መሰላቸው።

«በአገርህ ምን ይጨፈራል?» አሉኝ።

ትከሻዬ ከአፌ ቀድሞ መለሰ። ንጉሡ ወደ ታች አዩ፣ ወደ ላይ አዩ፣ መልሰው ወደ ታች አዩ።

«እግሩስ?» አሉ።

«አለ፣ ንጉሥ ሆይ። ዕረፍት ላይ ነው።»

ጨረራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትከሻቸው ነው። አንዱ ወፍራም መስፍን ሊከተላቸው ሲሞክር አንገትጌው ፈነዳ፣ ጸጉሩ ወደ ፊት ወረደ፣ የቫዮሊኑም ሰውዬ ራሱን ያዘ። የፈረንሳይ ታሪክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው ማኤስትራዋ አጨበጨበች።

ዓይኔን ስገልጥ ያው የማዕከሉ ነጭ መብራት፣ ያው የፕላስቲክ ወንበር። አጠገቤ ያለችው አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሲኞሬ፣ ያንኮራፉ ነበር።»

«የፈረንሳይኛ ልምምድ ነው» አልኳት።

ወደ ቤት ስሄድ ስልኬን ባየው ልጄ ደጋግማ ደውላልኛለች። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ሲለኝ አፌ አያርፍም። መንገድ ላይ እየተራመድኩ በድምፅ ላክሁላት፤ ኋላ አስደምጣኛለችና ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤

«ልጄ፣ ደህና ነኝ። ስልክ ያላነሳሁት ባሌ አድክሞኝ ነው። አሁን ንጉሡ ቤት ነበርኩ። ባቴን አልወደዱልኝም፣ ትከሻዬን ግን ወደዋል። ዘበኛው ፔርሜሶህ ገና ነው ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። በይ ጉልበቴን ልረፍ፤ ባሌ ሐሙስም ይፈልገኛል። ቻው።»

ቀልድ የላክሁ መስሎኝ ነበር። የቀልድን ግማሽ የሚሠራው ሰሚው ነው፤ እሷ ደግሞ ያ ግማሽ አልነበራትም። ዳንስ የሚባል ነገር አልነገርኳትም። «እንቅስቃሴ» ነው ያልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት ለሮም የቤት ሠራተኛ ሁሉ የዕረፍት ጊዜ ነው። ልጄ ምሳ ሰዓት አካባቢ መጣች። በሩን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች፤ በሌላኛው እጇ ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። ሻንጣው ቀላል መሆኑን ከአያያዟ አየሁ። ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ሊወስድ ነው የሚመጣው።

«ደህና ነዎት አባዬ?» አለችኝ። ድምፅዋ አስደነገጠኝ። ለስላሳ ነው፣ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ የተቀመጠ። በዚያ ድምፅ የምታናግራቸው ሴትዮዋን ነው።

«ደህና ነኝ። ምን ሆነሻል?»

«ምንም። አሎራ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«በማን?»

«እንዴት በማን?»

«በእኛ ነው ወይስ በእነሱ?»

«በፈለጉት።»

«በፈለግሁትማ ከሆነ ትናንትና ነው የምመርጠው።»

አልሳቀችም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«የእኛው በሰባት ይሁን በስምንት ወደኋላ ነው። ፈረንሳዮቹ ጋ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነው።» አሁን ሳስበው አፌን በእጄ መያዝ ነበረብኝ። ግን ሰው ሲመረምረኝ ቀልድ እንደ ላብ ነው የሚወጣኝ።

ልጄ እጄን ያዘችው። ዓይኔን ትኩር ብላ አየችና በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣

«አባዬ፣ ባልዎ ማን ነው?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጁ የሚቀርብለት አባት ብዙ የለም። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቄ ከሆዴ ተነሳ፤ ሳቄን ይዤ «ፈረንሳዊ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚፈልገኝ» ብዬ ጨረስኩት።

ብድግ አለች። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሸሚዞቼን እያጣጠፈች ሻንጣው ውስጥ ትደረድር ጀመር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምታጥፈው፤ አንዱን ሸሚዝ አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው። ያን ጊዜ ነው እያለቀሰች መሆኑን ያወቅሁት። ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

«ኧረ ልጄ፣ ዳንስ ነው» አልኳት። «ባሌ የሚሉት ዳንስ ነው። ፈረንሳይኛ ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«የእውነቴን ነው። ማዕከሉ ውስጥ። አንዲት ማኤስትራ አለች፣ ዓይናችንን ታስጨፍነናለች፣ ከዚያ ንጉሡ ቤት እንሄዳለን።»

«እሺ።» ካልሲዎቼን ጨመረች።

እሺ ስትል ነገሩ ገባኝ። ሴትዮዋ «እናቴ ገበያ ሄዳለች» ሲሏት «እሺ» እንደምትል ራሷ ነግራኛለች፤ የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው አትከራከሪው ተብላ ተምራለች። እውነቱን ባብራራሁ ቁጥር እብደቴ እየጠራ ይሄድ ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ ቁም ነገር ያወራሁ ዕለት የሚያምነኝ አጣሁ። በመጨረሻ፣

«ልብሴን ይዘሽ ሂጂ። እኔም እሄዳለሁ» አልኳት። «ግን ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ትምህርቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጀምራል። መጥተሽ እይ። ከሌለ በቀጥታ ከዚያው ወደ ፒኜቶ ትወስጂኛለሽ።»

አሰበች። ሰው ሳያስቀይሙ ማሳመንም የሙያዋ አካል ነው። «ቫ ቤኔ» አለች። ሻንጣውን አልጋዬ ላይ ክፍቱን ትተን ወጣን።

ማኤስትራዋ ልጄን ስታይ ደስ አላት፤ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠቻት። ልጄ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ለመነሳት የተዘጋጀ ሰው አቀማመጥ። ማኤስትራዋ እጇን አጨበጨበችና እንደ ልማዷ፣

«እሺ፣ ምን ልንሠራ ነው የመጣነው?»

አሮጊቶቹ በአንድ ድምፅ «ባሌ» አሉ።

ልጄን አየኋት። አፏ ተከፈተ። ወደ እኔ አየች፣ ወደ አሮጊቶቹ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አቅፋ ፊቷን ውስጡ ቀበረች፤ ኮቷ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ቀና ስትል ማስካራዋ እስከ ጉንጯ ወርዷል፤ ሻንጣው ላይ ያለቀሰችውና አሁን በሳቅ ያለቀሰችው አይለይም። «ሚ ስኩዚ» እያለች ማኤስትራዋን ይቅርታ ጠየቀች። አጠገቧ የነበረችው አሮጊት ምን እንደሆነ ብትጠይቃት፣ «በእኛ ቋንቋ የእኔ ባል ማለት ነው» ብላ ነገረቻት። ወሬው ወንበር ከወንበር ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ አሮጊቶቹ እኔን እያዩ «ባሌ» ሲሉ ዓይናቸውን ያስለመልማሉ፤ ያ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ጭንቅላቴ ነጻ ወጣ። የቀረው እግሬ ነው።

ሙዚቃው ተከፈተ። ሁለት እርምጃ፣ ብድግ፣ ዘወር። ልጄ መሳቋን አቁማ እግሬን ብቻ ታያለች፤ በባለሙያ ዓይን፣ ለቁርጭምጭሚቴ፣ ለጉልበቴ፣ ለዳሌዬ ለእያንዳንዱ ፍርድ እየሰጠች። ያቺ በአንድ እግር የሚቆምባት ቦታ ደረሰች። ግራ እግሬ ላይ ቆምኩ። ዓለም ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመመ። በዓይኔ ጥግ ልጄ ከወንበሯ መነሳቷንና ሁለት እጆቿ መዘርጋታቸውን አየሁ፤ ሳታስብ ነው፣ እጆቿ ናቸው የሄዱት። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ዘመምኩ፣ ተመለስኩ፣ ቆምኩ። እግሬን መሬት ያሳረፍኩት ከሙዚቃው ትንሽ ቀድሜ ነው። ልጄ መልሳ ስትቀመጥ የእኔ ሳይሆን የእሷ ትንፋሽ ነው የተሰማው።

ስንመለስ ክንዴን ይዛኛለች። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍን።

«ጭንቅላትዎ ደህና ነው» አለችኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ደህና ነው ብላ የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ።»

«ግራ እግርዎ ግን ደህና አይደለም። አይቻለሁ።»

«ቆሜያለሁ እኮ።»

«ቆመዋል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ሳይቀልዱ ይመልሱልኝ። እኛ ጋ መምጣት የማይፈልጉት ለምንድን ነው?»

«ባልሽ ያንኮራፋል።»

«አባዬ።»

«ባሩ ይረብሸኛል።»

«ባሩንማ ይወዱታል። በመጡ ቁጥር ታች ወርደው ነው የሚያመሹት።»

ሦስተኛ ቀልድ ፈለግሁ። አለ፤ አፌ ጫፍ ላይ ነበር። የልጄን እጆች አየሁ፤ በሳሙናና በውሃ ብዛት ቆዳቸው የተሰነጠቀ፣ አንዱ የእኔን ክንድ እንደያዘ ነው። ቀልዱን ዋጥኩት።

«ሌሊት ስነሳ» አልኳት፣ «መብራቱ የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል። ጨው የት እንዳለ፣ እናትሽ የሰቀለችው ፎጣ ማንጠልጠያ የት እንዳለ እጄ ያውቃል። አንቺ ቤት እጄ ምንም አያውቅም። ሁሉን ነገር ሰው መጠየቅ አለብኝ። እስካሁን ሰው ያልጠየቅሁበት ቦታ ቤቴ ብቻ ነው።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ቆመ፤ እንዳልተነሳን አይቶ ሄደ።

«እኔስ?» አለችኝ። «ስልክ ባላነሱ ቁጥር፣ እዚያ ሴትዮዋን እያጠብኩ፣ የማየው እርስዎን ነው። ወለል ላይ። ሳሙናው ከእጄ ይወድቃል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ የራሴን መውደቅ ብቻ ነበር የማስበው፤ እሷ ጋ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ አላውቅም።

እዚያው አግዳሚ ላይ ተስማማን፤ በአማርኛ ነው የተስማማነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳትገባ በድምፅ እልክላታለሁ፤ ንጉሥ የሌለበት፣ ዘበኛ የሌለበት፣ «ተነስቻለሁ፣ ቆሜያለሁ» የሚል ብቻ። መታጠቢያ ቤቱን ደግሞ እሷ እንዳለችው ታደርገዋለች፤ እኔ አልከራከርም። ዳንሱ ይቀጥላል። ቤቴ ስንገባ ሸሚዞቼን ከሻንጣው እያወጣች መልሳ ሰቀለች፤ ካልሲዎቼን ግን «እነዚህ ወለል ላይ ያንሸራትታሉ» ብላ ግማሾቹን ጣለቻቸው።

እሑድ የባሏን ድሪል ይዛ መጣች። ሱቅ ሄዳ የመረጠችው፣ ሴትዮዋ ቤት ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ግድግዳ ላይ ተተክሎ ተይዞ የሚቆምበት ወፍራም የብረት መያዣም ይዛለች። ካፖርቷን አውልቃ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገብታ ቆመች። እኔ ወደ ውስጥ እንዳልገባ ታዘዝኩ፤ ደፉ ላይ ቆሜ ቪቶቹን፣ ማለት ብሎኖቹን፣ ማቀበል ነው ሥራዬ። የሸክላው ዱቄት ፊቷን አነጣው። ግድግዳው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ተሸነፈ። ቪቶቹን አጥብቃ ስትጨርስ በአንድ እጇ ሳበችው። በሁለት እጇ ሳበችው። ከዚያ በሁለት እጇ ጨበጠችና ጉልበቷን አጥፋ ሙሉ ክብደቷን ለቀቀችበት። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ወዲያውም አልወረደችም፤ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ተንጠልጥላ ቆየች።

እግሯን መሬት አስነካችና እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«ርቦኛል» አለች። «ምን አለ?»

«ሹሮ አለ። ቁጭ በይ፣ እኔ አቀርባለሁ» አልኳት፤ ቤቴ የመጣች እንግዳ ናትና።